ስለ ጡት ካንሰር ለዲሲ፣ ለሜሪላንድና ለቨርጂኒያ ጤና ቢሮዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለዋሽንግተን ዲሲ፣ ለሜሪላንድና ለቨርጂኒያ የጤና ቢሮ ኃላፊዎች፤
ግልባጭ፦ እዚሁ አካባቢ ለምንኖር ኢትዮጵያውያን በሙሉ

ጤና ይስጥልኝ።

በአማርኛ ስጽፍላችሁ እንዳትገረሙ። ዲሲ በ2004 ያወጣችው የቋንቋ ሕግ አለ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች እንግሊዝኛ የሚቸግረውን ሰው በቋንቋው እንዲያስተናግዱ ያዛል፤ ብዙ ቅጾቻችሁም በአማርኛ ይገኛሉ። ስለዚህ አስተርጓሚ አታጡም። ደግሞም ይህን ደብዳቤ እናንተ ብቻ ሳትሆኑ በየቤቱ ያሉ እናቶችና እህቶች እንዲያነቡት እፈልጋለሁ።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። ከሥራ ስወጣ ቋንቋ የሚከብዳቸውን የሰፈራችንን ሴቶች ወደ ቀጠሮ እሸኛለሁ፣ ፎርም እሞላላቸዋለሁ፣ ሐኪሙ ያለውን እነግራቸዋለሁ። በዚህ መሀል ያየሁትና ያነበብኩት ነገር ዝም ብዬ እንዳልቀመጥ አደረገኝ።

የማወራው ስለ ጡት ካንሰር ነው። ስለ በሽታው በጠቅላላ ሳይሆን ስለ አንድ ጥያቄ፦ በሽታው በተገኘ ዕለት ምን ያህል ሄዶ ነበር? በዚህ አገር የዚህ ጥያቄ መልስ እንደ ቆዳ ቀለም ይለያያል።

ቁጥሩን አስቀድሜ ልናገር። አሜሪካ ውስጥ ጥቁር ሴቶች በጡት ካንሰር የሚያዙበት መጠን ከነጮቹ በ5 በመቶ ገደማ ያንሳል። የሚሞቱበት መጠን ግን ወደ 40 በመቶ በሚጠጋ ይበልጣል። እስቲ ረጋ ብላችሁ አስቡት። በመታመም ያንሳሉ፣ በመሞት ይበልጣሉ። ከ100 ነጭ ታማሚዎች 67 ያህሉ በሽታው ከጡት ሳይወጣ ይደረስባቸዋል፤ ከ100 ጥቁር ታማሚዎች ግን 57 ያህሉ ብቻ። የአሥር ሰው ልዩነት ትንሽ ከመሰላችሁ ይህንንም ተመልከቱ፦ በሽታው ጡት ውስጥ እያለ ከተገኘባቸው 100 ሴቶች 99ኙ ከአምስት ዓመት በኋላም በሕይወት ይኖራሉ። ወደ ሳንባ፣ ወደ ጉበት ወይም ወደ አጥንት ከሄደ በኋላ ከተገኘ ግን 32 ያህሉ ናቸው። እነዚያ አሥር ሴቶች ከየትኛው ወገን እንደሚሰለፉ የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው።

ይህን ሳነሳ ብዙ ጊዜ የምሰማው ሁለት መልስ ነው።

አንደኛው «አይመረመሩማ!» የሚል ነው። ይህ ልክ አይደለም። ጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች ማሞግራም (የጡት ራጅ) ተነስተናል የሚሉት ከነጮቹ ባላነሰ ቁጥር ነው፤ አንዳንዴም ይበልጣሉ። ሄደዋል። ጥያቄው የት ነው የሚሄዱት፣ ፎቶውን ማን ያነበዋል፣ አጠራጣሪ ነገር ሲታይ ደግሞ ስንት ሳምንት ይጠብቃሉ የሚለው ነው። ቀኑን ሙሉ ጡት ብቻ የሚያነብ ሐኪምና ቀኑን ሙሉ የእግር፣ የደረትና የሆድ ራጅ ሲያይ ውሎ በመሀል ማሞግራም የሚደርሰው ሐኪም እኩል አያዩም። ስሪ ዲ የሚባለው፣ ጡቱን ከብዙ አቅጣጫ የሚያነሳው አዲሱ ማሽንም በየሰፈሩ እኩል አልተዳረሰም። አንዲት ሴት በየዓመቱ ሳታጓድል እየተመረመረች፣ ማሽኑ ያረጀበት ቦታ ስለሄደች ብቻ ሊያመልጣት ይችላል። እሷን «አልተመረመረችም» ማለት በደል ላይ በደል ነው።

ሁለተኛው መልስ «ተፈጥሮ ነው፣ ዘራቸው ነው» የሚል ነው። ይህኛው ግማሽ እውነት አለው፣ ስለዚህ በደንብ ልመልስለት።

ትሪፕል ኔጋቲቭ የሚባል የጡት ካንሰር ዓይነት አለ። በካንሰሩ ሴሎች ላይ ኢስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን የሚባሉት ሆርሞኖች የሚያርፉበት ተቀባይ የለም፣ ሄር ቱ የሚባለው ፕሮቲንም አልበዛም። በዚህ ምክንያት እንደ ታሞክሲፈን ያሉት የሆርሞን ክኒኖች አይሠሩበትም። ቶሎ ያድጋል። ባለፈው ዓመት ማሞግራሟ ንጹሕ የነበረች ሴት ዘንድሮ በገዛ ጣቷ እብጠት ልታገኝ ትችላለች። ይህ ዓይነት በጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች ላይ ከነጮቹ በእጥፍ ገደማ ይታያል፤ ከ100 ታማሚዎች ወደ 20 የሚጠጉት እሱ ነው ያለባቸው። በወጣትነትም ይመጣል። ከ40 ዓመት በታች ባሉት ዘንድ ደግሞ በጡት ካንሰር የመያዝ ዕድሉ ራሱ ለጥቁሮቹ ይበልጣል። ይህ ሁሉ እውነት ነው፣ አልክድም።

ግን ቺካጎን እዩ። በ1980 ቺካጎ ውስጥ የጥቁርና የነጭ ሴቶች በጡት ካንሰር የመሞት መጠን እኩል ነበር ማለት ይቻላል። በ2003 የጥቁሮቹ በ68 በመቶ በልጦ ተገኘ። በ23 ዓመት ውስጥ የሰው ዘረመል አይለወጥም። የተለወጠው ሌላ ነው። ማሞግራም ተስፋፋ፣ መድኃኒቱ ተሻሻለ፣ የነጮቹ ሞት መውረድ ጀመረ። ይህ ሁሉ በጎ ነገር ወደ ከተማዋ አንደኛው ጎን ቶሎ ደረሰ፣ ወደ ሌላኛው ጎን ግን ዘገየ። ልዩነቱ የተወለደው እንዲህ ነው። በ2007 እዚያው ከተማ ይህን ጉዳይ ብቻ የያዘ ግብረ ኃይል ተቋቋመ። ሴቶቹን ከመውቀስ ይልቅ የምርመራ ቦታዎቹን ጥራት መመርመር ያዘ፤ ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት ክፍተቱ ጠበበ። ከዘር የመጣ ነገር ቢሆን ኖሮ ባልጠበበም ነበር።

የሃርለም ታሪክ ደግሞ አለ። ሰውየው የዚሁ የዲሲ ልጅ ስለሆነ ልትኮሩበት ይገባል። ዶክተር ሃሮልድ ፍሪማን ይባላል። ዲሲ ተወልዶ፣ ሕክምናን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ፣ ኒውዮርክ ሃርለም ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ሐኪም ሆነ። ቢላዋ ይዞ የጠበቃቸው ሴቶች ቢላዋ የማያድናቸው ሆነው አገኛቸው፤ በጣም ዘግይተው ነው የሚመጡት። በ1989 ከባልደረባው ጋር ባወጣው ጥናት ከ1964 እስከ 1986 እዚያ የታከሙ 606 ሴቶችን ታሪክ አየ። ብዙዎቹ ጥቁርና ድሃ ነበሩ፤ ግማሽ ያህሉ ኢንሹራንስ አልነበራቸውም። ግማሽ የሚሆኑት የመጡት በደረጃ ሦስትና አራት፣ ማለትም በሽታው በጣም ከገፋ በኋላ ሲሆን በደረጃ አንድ የመጡት ከ100 ስድስት ብቻ ነበሩ። ከአምስት ዓመት በኋላ በሕይወት የተገኙት ከ100 39 ናቸው።

እሱ በቁጥሩ አዝኖ አልቀረም። በ1979 ቅዳሜ ቅዳሜ በነጻ የሚመረምር ክሊኒክ ከፍቶ ነበር፤ ሥራ የማይፈቅድላት ሴት እንድትመጣ ነው ቅዳሜ ያደረገው። ምርመራው ብቻውን እንደማይበቃ ሲያይ ደግሞ በ1990 ታማሚዋን እየመራ የሚያደርስ ሰው መደበ። ይህ ሰው ሐኪም አይደለም፤ የሰፈሩ ሰው ነው። ውጤቷ አጠራጣሪ የሆነባትን ሴት ይዞ ቀጠሮ ያስይዛል፣ የኢንሹራንሱን ወረቀት ይጨርስላታል፣ ልጅ የሚይዝላት ሰው ይፈልጋል፣ የባዮፕሲው (ከእብጠቱ ተወስዶ የሚመረመረው ናሙና) ውጤት እስኪመጣ አይለያትም። ከ1995 እስከ 2000 ወደዚያው ሆስፒታል የመጡ 325 ሴቶች በተራቸው ሲታዩ ከአምስት ዓመት በኋላ በሕይወት ያሉት 70 በመቶ ሆነው ተገኙ። ያው ሰፈር ነው። ያው ሕዝብ ነው። ዘራቸው አልተቀየረም።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ።

ፎርም ስሞላ ሁልጊዜ እጄን የሚይዘኝ አንድ ቦታ አለ። «ጥቁር ወይም አፍሪካ አሜሪካዊ» የሚል አንድ ሳጥን። ደሴ ተወልዳ በ35 ዓመቷ እዚህ የመጣች ሴት እዚያ ውስጥ ትገባለች። እዚሁ ዲሲ፣ ከአናኮስቲያ ወንዝ ማዶ ተወልዳ ያደገች፣ አያቷም ቅድመ አያቷም እዚሁ አገር የተወለዱ ሴትም እዚያው ትገባለች። ናይጄሪያዊቷም ጃማይካዊቷም እንደዚያው። ከዚያ የካንሰር መዝገባችሁ ይህን ሁሉ ደምሮ አንድ ቁጥር ያወጣል። የትውልድ አገር የሚለው መስመር ደግሞ በብዙዎቹ መዝገቦች ላይ ባዶ ነው።

ይህ ሳጥን ምን እንደሚሸፍን የሚያሳይ ነገር ልንገራችሁ። ዶክተር ሊሳ ኒውማን የምትባል ጥቁር አሜሪካዊት የጡት ቀዶ ሐኪም ከጋናና ከኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ጋር ለዓመታት ሠርታለች። እሷና ባልደረቦቿ በ2016 ያወጡት ጥናት የአራት ወገን ታማሚዎችን ጎን ለጎን አስቀመጠ። ትሪፕል ኔጋቲቭ የሆነው ካንሰር በጋናውያን ዘንድ 53 በመቶ ነበር፤ በጥቁር አሜሪካውያን 30 በመቶ፣ በነጭ አሜሪካውያን 15.5 በመቶ፣ በኢትዮጵያውያን ደግሞ 15 በመቶ። አዎ፣ እኛና ነጮቹ እኩል ነን። እዚህ አሜሪካ በተመዘገቡ ታማሚዎች ላይ የተሠራ ሌላ ጥናትም ከምሥራቅ አፍሪካ የመጡት ሴቶች ከምዕራብ አፍሪካ ከመጡትና እዚህ ከተወለዱት ጥቁሮች እንደሚለዩ አሳይቷል። አዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ታካሚዎች ላይ የተሠራውና በ2014 የወጣው ጥናትም ከሦስቱ ሁለቱ ያህል ለሆርሞን ክኒን የሚመልስ ዓይነት እንደሆነ ነው የሚለው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። የጥቁር አሜሪካውያን አባቶችና እናቶች በባሪያ ንግድ የተጋዙት በአብዛኛው ከምዕራብ አፍሪካ ነው። እኛ ከሌላኛው ጫፍ ነን። አፍሪካ አንድ መንደር አይደለችም፤ «ጥቁር» የሚለው ቃል ቆዳን ይነግራችኋል እንጂ እብጠቱ ውስጥ ያለውን አይነግራችሁም።

እዚህ ላይ ግን የእኛን ሰው ፊት ለፊት ልናገረው። ይህን ሲሰማ «እንግዲያ እኛ ደህና ነን፣ ይሄ የእነሱ ነው» የሚል አለ። ሰምቻለሁ፣ ደጋግሜ ሰምቻለሁ፣ ያናድደኛል። አንደኛ ነገር ከ100 15 ማለት ዜሮ ማለት አይደለም። ሁለተኛ፣ ያ ለክኒን የሚመልሰው ዓይነት ካንሰር አዲስ አበባ ላይ ምን ሆኖ እንደሚገኝ እዩ። ጥቁር አንበሳ በታከሙ ከ1,000 በላይ ሴቶች ላይ በተሠራ ጥናት የታማሚዎቹ መካከለኛ ዕድሜ 43 ነበር፤ እብጠቱ ሲለካ መካከለኛው ወደ 5 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። 5 ሴንቲ ሜትር! ሎሚ ያክላል። ደግ የተባለው ዓይነትም እዚህ እስኪደርስ ከተጠበቀ ይገድላል። ሦስተኛ ደግሞ እዚህ አገር የመድኃኒት ቤቱ ካሸር፣ የኢንሹራንሱ ሠራተኛና ቀጠሮ ያዡ የሚያዩት የእናትሽን የትውልድ መንደር ሳይሆን ፊትሽን ነው። የጥቁር ሴት ጥበቃ ያንቺም ጥበቃ ነው።

አንድ ነገር በቅርብ ስላየሁ ልንገራችሁ። ስሟንም ቦታውንም አልጠቅስም። 40 ያልሞላት፣ ሁለት ልጆች ያሏት፣ ሌሊት አረጋውያንን የምትንከባከብ እህታችን ናት። ብብቷ አጠገብ እብጠት አገኘች። የሄደችበት ክሊኒክ ያያት ሰው ነካክቶ «ገና ወጣት ነሽ፣ የስብ ነገር ይሆናል፣ ከስድስት ወር በኋላ ካልጠፋ ተመለሺ» አላት። እሷም እንደ አስተዳደጋችን «እሺ ዶክተር፣ አመሰግናለሁ» ብላ ወጣች። ሐኪም አይሞገትም፣ እንዲህ ነው የተማርነው። አልትራሳውንድ አልታዘዘላትም። እንዲታዘዝላት መጠየቅ እንደምትችልም ማንም አልነገራትም። ስድስት ወሩ ሲደርስ አሠሪዋ ፈረቃ አልለቀቀላትም፤ በሰዓት የምትከፈል ሴት ናት፣ ካልሠራች ደሞዝ የለም። እኔ አብሬያት ስሄድ ደረጃ ሦስት ሆኗል። ካንሰሩ ለሆርሞን መድኃኒት የሚመልሰው ዓይነት ነበር። ማለትም ቀድሞ ቢገኝ ኖሮ በጣም ቀላሉ መንገድ የእሷ ነበር። አሁን በሕክምና ላይ ናት። እህቴ፣ እግዚአብሔር ይማርሽ።

እናንተ መዝገብ ላይ እሷ ምን ሆና ነው የምትቀመጠው? «ጥቁር፣ 39፣ ደረጃ ሦስት»። ይህን የሚያነብ ተመራማሪ «አየህ፣ ጥቁር ሴቶች ጠንካራው ዓይነት ነው የሚይዛቸው» ይላል። የእሷ ግን አልነበረም። ያጠቃት ስድስት ወር ጥበቃና ያልታዘዘ አልትራሳውንድ ነው። በአንዱ ሳጥን የተነሳ የእሷም እውነት ጠፋ፣ በእውነት ጠንካራው ዓይነት የያዛት የአናኮስቲያዋ ሴት እውነትም ተድበሰበሰ። እኔ የሁለቱንም እውነት ነው የምፈልገው።

ስለ ዕድሜም ላንሳ። የትኛው ምርመራ መቼ ይደረግ ብሎ የሚመክረው የአገሪቱ የመከላከል አገልግሎቶች ግብረ ኃይል በ2009 መደበኛው ምርመራ በ50 ይጀመር፣ በየሁለት ዓመቱ ይሁን ብሎ ነበር። በአርባዎቹ ያለች ሴት ከሐኪሟ ጋር ተመካክራ ትወስን ተባለ። ከሐኪም ጋር ለመመካከር ግን ሐኪም ሊኖራት፣ ቋንቋው ሊኖራት፣ ሐኪሙም ከአሥራ አምስት ደቂቃ በላይ ሊኖረው ይገባል። በኤፕሪል 2024 ግብረ ኃይሉ ምክሩን ቀይሮ ከ40 እስከ 74 በየሁለት ዓመቱ አለ። ጥቁር ሴቶች ብዙ እየሞቱ መሆኑን በግልጽ ጠቅሷል። ደስ ብሎኛል። ግን ለሁሉም አንድ ዓይነት ምክር ነው። ቶሎ የሚያድግ ካንሰር ሁለት ዓመት ቁጭ ብሎ አይጠብቅም። ራጅና የመሳሰለውን ምስል የሚያነቡት ሐኪሞች ማኅበር፣ የአሜሪካ ራዲዮሎጂ ኮሌጅ፣ ሁሉም ሴቶች፣ በተለይም ጥቁር ሴቶች፣ 25 ዓመት ሳያልፋቸው የግል አደጋቸው እንዲገመገም ይመክራል። ይህ ማለት በ25 ማሞግራም ይነሱ ማለት አይደለም። እናትሽ፣ አክስትሽ፣ አያትሽ፣ በአባትሽም በኩል ያሉት ሴቶች ምን ገጠማቸው ተብላ ትጠየቅ ማለት ነው። ይህ ጥያቄ ገንዘብ አያስወጣም። እኛ ዘንድ ግን መልሱ ከባድ ነው፤ ብዙ ቤተሰብ «በዚያ በሽታ ሞተች» ከማለት «ትንሽ አሟት ነበር» ማለት ይቀለዋል። እናቶቼ፣ እባካችሁ ለልጆቻችሁ ንገሯቸው። የሞተችው እህታችሁ ምን እንደነበራት ማወቅ ለእነሱ መድኃኒት ነው።

ሌላው ቆዳ ነው። ኢንፍላማቶሪ የሚባለው የጡት ካንሰር እብጠት ላያሳይ ይችላል፤ ጡቱ ያብጣል፣ ይሞቃል፣ ቆዳው እንደ ብርቱካን ልጣጭ ይሆናል። ብሮሹሮቻችሁ ላይ «ይቀላል» ተብሎ ነው የተጻፈው፣ ፎቶውም የነጭ ሴት ነው። በእኛ ቆዳ ላይ አይቀላም። ይጠቁራል፣ ወይን ጠጅ ይመስላል፣ አንዳንዴም በዓይን ምንም አይለይም። ይህ በሽታ በጥቁር ሴቶች ላይ ይበዛል፤ እናንተ ግን የምታሳዩን ፎቶ በእኛ ላይ የማናየውን ምልክት ነው። ፎቶውን ለመቀየር ሕግ አያስፈልግም።

ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ ደግሞ በመላው አገሪቱ ማሞግራም የሚያነሳ ድርጅት ሁሉ የጡቷ ሥጋ ጥቅጥቅ መሆኑንና አለመሆኑን ለእያንዳንዷ ሴት በጽሑፍ እንዲነግር ታዟል። ጥቅጥቅ ያለ ጡት ካንሰሩን ይሸፍናል፤ ማሞግራም ላይ ሁለቱም ነጭ ሆነው ይታያሉ። ጥሩ ሕግ ነው። ግን ደብዳቤው በእንግሊዝኛ ይመጣል፣ ከፒዛ ቤቱና ከመኪና ኢንሹራንሱ ማስታወቂያ ጋር አብሮ። አንዲት እናት ቤት ሄጄ መሳቢያ ውስጥ ሳይከፈት ያገኘሁት እንደዚህ ያለ ፖስታ ነው። ማሞግራሟ ንጹሕ ስለተባለ ሌላ ነገር ያለ አልመሰላትም።

እንግዲህ ምን እንድታደርጉ ነው የምጠይቃችሁ?

በማርች 2024 የፌዴራል መንግሥት የዘር መጠየቂያውን አሻሽሏል። «ጥቁር» በሚለው ሥር አፍሪካ አሜሪካዊ፣ ጃማይካዊ፣ ሄይቲያዊ፣ ናይጄሪያዊ፣ ኢትዮጵያዊና ሶማሌ የሚሉ ምርጫዎች እንዲኖሩ ይላል። ለመሥሪያ ቤቶቹ እስከ 2029 ጊዜ ተሰጥቷቸዋል። እናንተ ግን እስከዚያ መጠበቅ የለባችሁም። ከኢትዮጵያ ውጭ ካሉ ከተሞች ሁሉ የእኛ ሰው እንደ እዚህ የበዛበት ጥቂት ነው፤ በካንሰር መዝገባችሁ ላይ የትውልድ አገር የሚለውን መስመር አሁኑኑ አስሞሉ። ሰው ይቀራል ብላችሁ አትፍሩ፤ ለምን እንደምትጠይቁ ከተነገረን እንናገራለን። የምንፈራው ወረቀቱ ለኢሚግሬሽን ይሄዳል ብለን ነው። እንደማይሄድ በአማርኛ፣ በትግርኛና በኦሮምኛ ጻፉበት፣ ቃላችሁንም ጠብቁ።

ፍሪማን ሃርለም ላይ ያደረገውን እዚህ አድርጉ። ከ2024 ጀምሮ የአረጋውያኑ የመንግሥት ኢንሹራንስ ሜዲኬር እንኳ ታማሚ ለሚመራ ሰው መክፈል ጀምሯል፤ ስለዚህ «በጀት የለም» የሚለው ምክንያት እንደ ድሮው አይሠራም። ከእኛ መካከል አገር ቤት ነርስ የነበሩ፣ እዚህ ፓርኪንግ የሚጠብቁ ስንቶች ናቸው! እነሱን አሠልጥናችሁ ቅጠሩ። የ12 ዓመት ልጅ ለእናቷ «ካንሰር ነው» ብላ እንድታስተረጉም አታድርጉ። የማሞግራሙን ቫን ደግሞ ሰው ወዳለበት አምጡት፤ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ፣ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ መስጊድ ደጃፍ። በሥራ ቀን ጠዋት ለምትሰጡት ቀጠሮ ሆቴል የምታጸዳ ሴት አትመጣም።

እህቶቼ፣ እናንተም ስሙኝ። ኢንሹራንስ የለኝም ብላችሁ አትቅሩ። ዲሲ ፕሮጀክት ዊሽ የሚባል አለ፣ ቨርጂኒያ ኤቭሪ ዉማንስ ላይፍ ይባላል፣ ሜሪላንድ የጡትና የማኅፀን በር ካንሰር ፕሮግራም አላት። ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆነና ኢንሹራንስ የሌላቸውን ሴቶች በነጻ ይመረምራሉ። በእነሱ በኩል ካንሰር ከተገኘ፣ በ2000 በወጣው ሕግ መሠረት ሁኔታዋ የሚፈቅድላት ሴት በሜዲኬይድ (ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው በሚሰጠው የመንግሥት ኢንሹራንስ) ልትታከም ትችላለች። ማሞግራሙ ደግሞ የሚፈራ ነገር የለውም። የዚያን ዕለት ዲዮድራንት አትቀቡ፣ ፎቶው ላይ እንደ ነጠብጣብ ይታያል። ጡታችሁን በሁለት ዝርግ ነገር መሀል ይጫኑታል፤ ያማል፣ ግን ሴኮንዶች ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሴት ባለሙያ ናት የምታነሳችሁ። ጠበሉንም አልከለክልም፣ እኔም እጠመቃለሁ። ጠበል ጠጥቶ ቀጠሮ መሄድ ይቻላል። እብጠት አግኝታችሁ «ወጣት ነሽ» የሚላችሁ ከመጣ ደግሞ እንዲህ በሉት፦ «አልትራሳውንድ ይታዘዝልኝ፤ ካላዘዝክ እንዳላዘዝክ መዝገቤ ላይ ጻፍልኝ»። በትሕትና ይባላል፣ ነውር የለውም።

ወደ እናንተ ወደ ኃላፊዎቹ ልመለስና ልጨርስ። በሚቀጥለው ዓመታዊ ሪፖርታችሁ ላይ ሦስት ነገር አውጡልን፦ ማሞግራሟ አጠራጣሪ ከሆነበት ቀን እስከ ባዮፕሲዋ ስንት ቀን፣ ከባዮፕሲው እስከ መጀመሪያው ሕክምና ስንት ቀን፣ ካንሰሩ ሲገኝ በየትኛው ደረጃና ከየትኛው ዓይነት። ሦስቱንም በዘር፣ በትውልድ አገርና በሰፈር ከፍላችሁ። ረጅሙ ጥበቃ የማን እንደሆነ ስታዩ፣ ገንዘቡና ሠራተኛው መጀመሪያ ወደዚያ ሰፈር ይሂድ፤ አናኮስቲያ ማዶም ቢሆን፣ ሲልቨር ስፕሪንግም ቢሆን፣ አሌክሳንድሪያም ቢሆን።

ከአክብሮት ጋር፣
የሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪ